ቁጥር ሃያ አራትን ማን ከፈተው?

ሚያዝያ 9
ርዕስ፦ አባትዎን ይመለከታል፣ ግን አይደንግጡ

ለማላውቅዎት አክስቴ፣

ባሉበት ሁሉ ጤናና ሰላም ይብዛልዎ። እኛ ከእናቴ ወገብና ከጎረቤቱ ውሻ በስተቀር ሁላችን ደህና ነን። ይህን ሰላምታ አስቀድሚ ያለችኝ እናቴ ናት። «ሰው ሳይጠይቁ ዘው ብሎ ወደ ጉዳይ አይገባም» አለች። ጠይቄያለሁ። አሁን ዘው ልበል።

እኔ የአጎትዎ የልጅ ልጅ ነኝ። እርስዎ ሲሄዱ የአንድ ዓመት ልጅ ስለነበርኩ ቢረሱኝ አልቀየምም። ቤት ውስጥ ጦጢት ይሉኛል፤ ምክንያቱን ደብዳቤውን ሲጨርሱ ይደርሱበታል። አድራሻዎን ያገኘሁት ከአባትዎ ዝርዝር ላይ ነው።

አባትዎን ፊት ለፊት «አባባ» እላቸዋለሁ። ከኋላቸው ግን ግቢው በሙሉ «አባባ እርማት» ነው የሚላቸው። አርባ ዓመት ማተሚያ ቤት አራሚ ሆነው ስለሠሩ ስህተት ካላገኙ ቀኑ አይመሽላቸውም። ባለፈው ወር ከትምህርት ቤት የተላከልኝን የወላጅ መጥሪያ በቀይ እስክሪብቶ አርመው መልሰው ላኩት። ርዕሰ መምህሩ እስካሁን ሲያዩኝ መንገድ ይቀይራሉ።

ጉዳዩ ይህ ነው። እርስዎም ዝርዝሩ ውስጥ ስላሉ እንደሚያውቁት፣ አባባ በየወሩ መጀመሪያ ለቤተ ዘመዱ በሙሉ አንድ ኢሜይል ይልካሉ። ማን ወለደ፣ ማን ተመረቀ፣ የማን ጣሪያ አፈሰሰ፣ ሁሉም አለበት። ዜናውን ለመልቀም ወሩን ሙሉ ደብተር ይዘው ይዞራሉ። የሚልክላቸው ወንድሜ ነበር፤ እሱ ኮሌጅ ስለገባ ከጥቂት ቁጥሮች ወዲህ ሥራው በእኔና በስልኬ ላይ ወድቋል። ስልኩ ደግሞ ክፉ ነገር ያሳያል፦ ማን እንደከፈተው። ከሃምሳ ስምንት ሰው ቁጥር 20ን የከፈተው ስድስት ሰው ነው። አንዷ እኔ ነኝ። አንዷ እናቴ ናት፣ እሷም ነካክታው እንጂ አስባበት አይደለም።

በተላከ ማግስት አባባ ኮታቸውን ለብሰው አጠገቤ ይቀመጣሉ። ስድስት ስም ለመስማት ኮት። «ማን ከፈተ?» ይላሉ። አነባለሁ። ስጨርስ «ሌላስ?» ይላሉ። «ሌላ የለም አባባ።» «ደግመሽ እዪው።» ደግሜ አያለሁ። ሌላ የለም።

አሁን ደግሞ «ቁጥር 24 ሲወጣ ሁለት ዓመት ይሞላል፤ ያንን ግማሹ ሰው ካልከፈተው አቆማለሁ» ብለዋል። ግማሹ ሃያ ዘጠኝ ነው። ካቆሙ ጠዋት ለምን እንደሚነሱ አላውቅም፤ እሳቸውም የሚያውቁ አይመስለኝም።

ሰው የማይከፍተው በርዕሱ ምክንያት ነው ብዬ አምናለሁ። የቁጥር 20 ርዕስ «ወርሃዊ መልእክት ቁጥር 20» ነው። የቁጥር 19ን እንዲገምቱ ልተውልዎት። እርስዎ ደግሞ ደመወዝ የሚከፈልዎ ሰው ኢሜይል እንዲከፍት ለማድረግ ነው ይባላል። ቤተ ዘመዱ «መጋቢት የበላችው» እያለ ቢስቅብዎትም (ማተሚያ ቤት ሳሉ በአንድ የቀን መቁጠሪያ ላይ መጋቢትን ረስተው ነው አሉኝ) ርዕስ ላይ ግን የሚደርስብዎ የለም አሉ። እባክዎ ያስተምሩኝ።

ጦጢት


ሚያዝያ 30
ርዕስ፦ «እርስዎ»ን ተይውና ሌላውን እናያለን

ለጦጢት፣

እናትሽን ወገቧን ይማርላት። ውሻውንም። በ«እርስዎ» ስትጠሪኝ ጥርሴ የወለቀ እየመሰለኝ በምላሴ ነካካሁት፤ አንቺ በይኝ።

መልሴ ዘግይቷል። በቀን አንድ መቶ ሃያ ኢሜይል ይመጣልኛል፣ አብዛኛውን ሳልከፍት እሰርዛለሁ። ያንቺን ከፈትኩት። ለምን እንደከፈትኩት ልንገርሽ፣ ትምህርቱም እሱ ነው። ርዕስሽ ስለማን እንደሆነ ነገረኝ፣ የመጀመሪያውን ፍርሃቴን አስወገደልኝ፣ ቀሪውን ግን ውስጥ አስቀረው። ሳትማሪ ያወቅሽው ነገር ነው፤ አትበላሺ።

ሥራዬ ይህን ይመስላል። ፍራሽ የሚሸጥ ድርጅት ውስጥ ነኝ። ሰባተኛ ፎቅ ላይ፣ ከማተሚያው ማሽንና ከደረቀ ተክል መሃል አንድ ጠረጴዛ አለኝ። በየሳምንቱ ማክሰኞ ለደንበኞች መልእክት ይሄዳል። ሁለት ርዕስ እጽፋለሁ። አንዱን ለሁለት መቶ ሰው፣ ሌላውን ለሌላ ሁለት መቶ ሰው እንልካለን፤ ሁለት ሰዓት ጠብቀን በብዛት የተከፈተውን ለቀሪው አርባ ሺህ። በየማክሰኞው አንዱ ልጄ ይሞታል ማለት ነው። ለምዶኛል።

ለጊዜው ይህን ያዢ። ስልክ ከአርባ ፊደል በላይ ያለውን ርዕስ ይቆርጠዋል፣ ስለዚህ ዋናው ቃል ፊት ይሁን። «ወርሃዊ»፣ «መልእክት»፣ «ቁጥር» የሚሉት ሦስቱ ቃላት ምንም አይናገሩም፤ ሰው እንደ ቆሻሻ ማጠራቀሚያ ክዳን ነው የሚያልፋቸው። ደግሞ አትጩኺ። የቃለ አጋኖ ምልክት የምትደረድሪ ከሆነ ደብዳቤ መጻጻፋችን እዚህ ላይ ያበቃል።

ስለ ሌላው ሌላ ጊዜ።

አክስትሽ


ግንቦት 3
ርዕስ፦ ሠላሳ አራት ሰው ከፈተው፣ ሠላሳ አራት ሰው ተቆጣኝ

ለውድ አክስቴ (አንቺ ላልሽኝ፣ ሰማይ ይባርክሽ፣ ጣቴ ከ«እርስዎ» ብዛት ደክሞ ነበር)፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን፤ እኔ ግን ተደብቄ ነው የምጽፈው።

ትምህርትሽን ሰማሁና ትንሽ አሳደግኩት። ቁጥር 21ን ላኪ ስባል ከአባባ ደብቄ ርዕሱን «ይህን ሳያነቡ እንዳይተኙ» አልኩት። አርባ ፊደል አይሞላም። ቃለ አጋኖ የለውም። ማታ ሳይደርስ ሠላሳ አራት ሰው ከፈተው። ከሃያ ዘጠኝ በአምስት አለፍን ብዬ ግቢውን ሦስት ጊዜ ዞርኩ።

ችግሩ ውስጡ የነበረው የውሃ መውረጃ ቧንቧ መሆኑ ነው። ቧንቧው በየት በኩል እንደሚያልፍ፣ አራት አንቀጽ።

ባለመድኃኒት ቤቱ አጎት ሱቁን ዘግቶ መጣ። «ሰው የሞተ መስሎኝ በሽተኛ ቆሞ ትቼ ነው የከፈትኩት» አለ። «እንቅልፍ የሚከለክል ቧንቧ ነው እንዴ ይሄ?» አባባ ቀና ብለው አዩኝ። እኔ የላኩትን ርዕስ አላዩም ነበር።

«ምን ብለሽ ነው የላክሽው?»

ነገርኳቸው።

«የኔ ቧንቧ ላይ?»

«የእርስዎ ቧንቧ ላይ።»

ቀይ እስክሪብቷቸውን አወጡና ወረቀቱ ላይ ርዕሴን ጽፈው ሰረዙት፤ ቀስ ብለው፣ በማስመሪያ። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

ማግስቱን ግን ኮት ለብሰው መጡ። ሠላሳ አራቱን ስም ሰሙ። ደስ ያላቸው መስሎኝ ነበር። «ሌላስ?» አሉ።

ሠላሳ አራት ሰው ያልበቃው ሰው ስንት እንደሚበቃው ባውቅ ደስ ይለኛል።

ጦጢት


ግንቦት 12
ርዕስ፦ የዋሸሽውን ሰኔ ላይ ትከፍይበታለሽ

ለጦጢት፣

ሰላም ላንቺና ለተቆጡት ሁሉ። ባለመድኃኒት ቤቱ አጎትሽ ልጅ ሆኖም እንዲሁ ነበር፤ ኳስ ሲመታውም ሱቅ ዘግቶ የመጣ ሰው ይመስል ነበር።

ርዕስ ቃል መግባት ነው። ቃልሽን ካልጠበቅሽ የሚቀጥለውን ወር አትጠብቂ። ሰው ርዕሱን ይረሳል፣ መታለሉን አይረሳም። በሚቀጥለው ወር ስንት ሰው እንደሚከፍት ጽፈሽ ላኪልኝ፤ እኔ ከአሥር በታች ብያለሁ።

አሁን የቤት ሥራ። የቆዩትን ቁጥሮች ከመጀመሪያው ጀምረሽ አንብቢ። ከላይ እስከ ታች። በእያንዳንዱ ውስጥ አንድ ሰው ለሌላው «ሰማህ ወይ?» ብሎ የሚያወራው አንድ ነገር ይኖራል፤ አብዛኛውን ጊዜ ጸሐፊው ራሱ ዋጋውን ስላላወቀው አምስተኛው አንቀጽ ውስጥ ተቀብሮ ነው የምታገኚው። እሱን አውጥተሽ ርዕስ አድርጊው። ርዕስ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ነው የሚጻፈው፣ ሁሉም ከተነበበ በኋላ።

ዓይኑ እንዴት ነው? አሁንም ያለ ማጉያ ያነባል?

አክስትሽ


ሰኔ 4
ርዕስ፦ ዘጠኝ። እና አንድ ጥያቄ

ለውድ አክስቴ፣

ጤና ይስጥልኝ። ዘጠኝ ሰው ነው የከፈተው። ጠንቋይ ነሽ።

ርዕሱን በዚህ ወር አባባ ራሳቸው ነበሩ ያወጡት፣ «ቧንቧውን በተመለከተ የተሰጠ ማብራሪያ»። ቅጣት መሆኑ ነው። ዓይናቸው ደህና ነው፣ ማጉያ ግን ይዘዋል፤ «ፊደሉ ነው ያነሰው» ይላሉ እንጂ ዓይናቸው ደከመ አይሉም።

የቤት ሥራዬን ጀምሬያለሁ። ቁጥር 5 ላይ ደርሻለሁ። አባባ በእያንዳንዱ ቁጥር መጨረሻ ላይ ያለፈውን ወር ስህተት ያርማሉ። «ባለፈው ቁጥር የአናጺው በር አረንጓዴ ነው ያልነው ሰማያዊ ነው።» «መንታዎቹ ተወለዱ የተባለው ማክሰኞ ሳይሆን ረቡዕ ነው፣ አንደኛው ግን ማክሰኞ ነው።» ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ እናቴ ትኩሳቴን ለካችው።

አሁን ጥያቄዬ። ስልኩ ማን እንደከፈተ ብቻ ሳይሆን እያንዳንዱ ሰው ስንት እንደከፈተም ያሳያል። ስምሽን ነካሁት። ከሃያ ሁለት፣ ዜሮ።

ኢሜይል ማስከፈት ሥራዋ የሆነች ሴት፣ የአባቷን አንድም አልከፈተችም? ይህ ፀጉር ቆራጭ ፀጉሩን ሳይቆረጥ እንደሚውለው ነው ወይስ ሌላ ነገር አለው?

አባባ «ሌላስ?» ሲሉ ማንን እንደሚጠብቁ አሁን የገባኝ መሰለኝ።

ጦጢት


ሰኔ 28
ርዕስ፦ ስለ አንድ አንባቢ

ለጦጢት፣

ሰላም ለሁላችሁ። ሥራ በዝቶብኝ ነው። ለጥያቄሽም መልሱ ይኸው ነው፣ ሥራ ይበዛል።

ወደ ትምህርታችን። ለሃምሳ ስምንት ሰው ርዕስ አይጻፍም። እኔም ለአርባ ሺህ ሰው አልጽፍም። አንዲት ወገቧን የሚያማት፣ ልጆቿን ትምህርት ቤት አድርሳ ተመልሳ አውቶቡስ ውስጥ ስልኳን የምታይ ሴት አለች፤ አግኝቻት አላውቅም፣ ለእሷ ነው የምጽፈው። አንቺም አንድ ሰው ምረጪ። ያ ሰው ቆሞ ካነበበው ሌላውም ይቆማል።

አሁንም ኮት ለብሶ ነው የሚቀመጠው? የትኛውን ኮት?

አክስትሽ


ሐምሌ 4
ርዕስ፦ ሃያ ስድስት፣ በአንድ በር ብቻ

ለውድ አክስቴ፣

ሰላምሽ ይብዛ። ሥራሽም ትንሽ ይቀንስልሽ፣ ሃያ ሁለት ወር መብዛቱ ጤና አይደለም።

እንዳልሽኝ አንድ ሰው መረጥኩ። ባለመድኃኒት ቤቱን። የተቆጣ ሰው ካነበበው ማንም ያነበዋል ብዬ። ቁጥር 23ን ከላይ እስከ ታች ሳነበው ስድስተኛው አንቀጽ ውስጥ አናጺው አጎት የገዛ ቤቱን በር ገልብጦ መግጠሙን አገኘሁ። ጉልበቱ ላይ ነው እጀታው። አባባ ይህን የጻፉት ከመንገድ መብራት ዜና ቀጥለው፣ በአንድ መስመር ነበር። ርዕሱን «አናጺው የራሱን በር ገልብጦ ገጠመ» አልኩት። ሃያ ስድስት ሰው። ባለመድኃኒት ቤቱ ሁለት ጊዜ ከፍቶታል። አናጺው አሁን አያናግረኝም፤ ከርዕሰ መምህሩ ጋር ሁለት ሆኑ።

ሦስት ሰው ነው የቀረን። ቁጥር 24 ነሐሴ 1 ይወጣል።

ኮቱ ግራጫው ነው። ክርኑ ላይ ቀለም ያለበት። እናቴ ልጠብልዎ ስትላቸው «የማተሚያ ቤት ቀለም ነው፣ አይለቅም» ይላሉ፤ ደስ እያላቸው ነው የሚሉት።

ጦጢት


ሐምሌ 19 (ረቂቅ፤ አልተላከም)
ርዕስ፦

አክስቴ፣

ሰላምታውን እለፊልኝ።

የቤት ሥራዬን ጨረስኩ። «ከላይ እስከ ታች» ብለሽኝ ነበር፤ እኔ ግን እስከ ታች አልደረስኩም ነበር። ከሁሉም በታች፣ ከእርማቶቹም በታች፣ ወንድሜ ከቁጥር 1 ጀምሮ አስቀምጦት በየወሩ ራሱ እየተገለበጠ የሚወጣ አንድ ግራጫ መስመር አለ። ፊደሉ ጉንዳን ያህላል። አባባ ሥራውን ሲያስረክቡኝ «እሱ ቋሚ ነው፣ አትንኪው» ስላሉኝ አድራሻ መስሎኝ ነበር። ትናንት በጣቴ አጎላሁት።

«እርማት፦ ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት በወጣው የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ላይ የካቲት ሁለት ጊዜ ታትሞ መጋቢት ስለመጉደሉ በወቅቱ የተሰጠው ምክንያት ትክክል አልነበረም። ገጹን የሠራችው ሠራተኛ ስህተቱን አስቀድማ አመልክታለች። ኃላፊነቱ የአራሚው ነው። አንባቢን ይቅርታ እንጠይቃለን።»

ሃያ ሦስት ጊዜ ወጥቷል። ወንድሜን ደውዬ ጠየቅኩት። «እኔ የተሰጠኝን ነው የተየብኩት» አለ።

ስልኩን ይዤ አባባ ጋ ሄድኩ። ጠረጴዛቸው ጋ ተቀምጠው እርሳስ ይቀርጹ ነበር።

«አባባ፣ ይህ ከታች ያለው ምንድን ነው?»

«እርማት ነው።»

«ለምን ከታች ሆነ?»

«እርማት ከታች ነው የሚወጣው። በትንሽ ፊደል። የሙያው ሕግ ነው።»

«ስህተቱስ የት ነበር የወጣው?»

እርሳሱን መቅረጽ ቀጠሉ።

«አምስት ሺህ ግድግዳ ላይ አባባ። ዓመቱን ሙሉ ተሰቅሎ።»

እርሳሱ ሊያልቅ ደርሶ ነበር። ከዚያ ነገሩኝ። ያን ዕለት ጠዋት ስድስተኛውና ሰባተኛው ገጽ አንድ ነው ብለሽ ወረቀቱን ይዘሽላቸው መጣሽ። ቸኩለው ነበር። «አይቼዋለሁ፣ ይታተም» አሉሽ። ከዚያ ሥራ አስኪያጁ ሠራተኛውን በሙሉ ሰብስቦ ማን ነው ሲል፣ ጡረታቸው ሊደርስ ዓመት ከመንፈቅ ነበር የቀራቸው። «አላሳየችኝም አልኩ» አሉኝ። «አጠገቤ ቆማ ነበር። ቀና ብላ አየችኝ። ቦርሳዋን ይዛ ወጣች።»

እኔ ደግሞ በመጀመሪያው ደብዳቤዬ ላይ «መጋቢት የበላችው» ብዬሻለሁ። እየሳቅኩ። ፊቴን የት እንደምደብቀው አላውቅም።

ይህን ልልክልሽ ጣቴን ዘረጋሁ። ግን የእኔ ዜና አይደለም። እሳቸው እንደነገሩኝ ከእኔ ከሰማሽ እሳቸው ነገሩሽ ማለት አይሆንም።


ሐምሌ 20
ርዕስ፦ ነሐሴ 1 የሚመጣልሽን ክፈቺው

ለውድ አክስቴ፣

ደህንነትሽን እመኛለሁ፤ ዛሬ ቀልድ የለኝም።

በመጀመሪያ ደብዳቤዬ ላይ አንድ ቅጽል ስም ጽፌ ነበር። ይቅርታ አድርጊልኝ። ሌላ ሰው ሲለው ብሰማም ዝም አልልም።

ሰውን «ክፈተው» ብሎ መለመን መጥፎ ርዕስ እንደሆነ ሳትነግሪኝም አውቃለሁ። እየለመንኩሽ ነው።

ጦጢት


ነሐሴ 3
ርዕስ፦ ሃምሳ ሁለት

ለአክስቴ፣

ጤና ላንቺ ይሁን። ከሃምሳ ስምንት ሃምሳ ሁለት ሰው ከፈተው። አንቺ የለሽበትም።

መልስ ባትጽፊልኝም እንዴት እንደሆነ ማወቅ አለብሽ። በየወሩ ከታች በትንሽ ፊደል ሲያወጡት የኖሩት የመጋቢት እርማት ወደ ላይ ይውጣ፣ ርዕስም እሱ ይሁን ብዬ አባባን አሥር ቀን ጨቀጨቅኳቸው። «ሕጉ» ሲሉ «ግድግዳው» እላለሁ። በመጨረሻ «ስንት ፊደል ይበቃል?» አሉኝ። «አርባ» አልኳቸው። «ልጅዎ ናት ያስተማረችኝ» የሚል ነገር አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ «አንድ ባለሙያ ነግራኛለች» አልኩ። ያወቁ ይመስለኛል።

የመጀመሪያው ሙከራቸው «ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት በማተሚያ ቤቱ የታተመውን የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ በተመለከተ ለክቡራን አንባቢያን የቀረበ ማስተካከያ» ነበር። ስልኩ ላይ አሳየኋቸው፤ «የግድግዳ» ላይ ሲደርስ ይቆረጣል። «ግድግዳው ብቻ ነው የቀረው አባባ።»

«ስህተት ተሠርቶ ነበር» አሉ።

«ማን ሠራው?»

«ይታወቃል።»

«ለማን?»

በማግስቱ «ስህተቱ የአራሚው ነበር» ብለው መጡ። «አራሚው ማን ነው?» አልኳቸው። ተናደዱ። «ይህን የማያውቅ ዘመድ አለ?» አሉ። «ዘመዱ ሁሉ የሚያውቀው ሌላ ነገር ነው» አልኩ። «ምን ልበል ታዲያ?» አሉ። «‹እኔ› ሁለት ፊደል ናት አባባ። ቦታ አትፈጅም።»

በራሳቸው እጅ ጽፈው ሰጡኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም ያልተሰረዘበት ወረቀት ሰጡኝ። «መጋቢትን የጣልኩት እኔ ነኝ።» እንደዚያው ላክሁት።

ስልኩ አላርፍ አለ። ባለመድኃኒት ቤቱ አጎት አሁንም ሱቁን ዘግቶ መጣ፤ በዚህኛው ጊዜ ግን በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። «አሥራ አምስት ዓመት ስስቅባት» አለ። አናጺው ኮፍያውን ይዞ ተቀመጠ። እናቴ ወጥ ቤት ገብታ ሳህን ስታጥብ ዋለች፣ የታጠበውን።

ማግስቱን አባባ ኮታቸውን ለብሰው መጡ። ሃምሳ ሁለት ስም አነበብኩ። ሆን ብዬ ቀስ ብዬ አነበብኩ። ጨረስኩ።

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም አባባ።»

ደግመሽ እዪው አላሉኝም። ኮቱን አውልቀው ወንበሩ ላይ ሰቀሉት። «ሃምሳ ሁለት ከሃያ ዘጠኝ ይበልጣል» አልኳቸው። «ይበልጣል» አሉ። «ቁጥር 25ን አታዘጋጂ።»

ልቆጣሽ ነበር የጀመርኩት። ደክሞኛል።

ጦጢት


ነሐሴ 6
ርዕስ፦ ያልከፈትኩበት ምክንያት

የኔ ጦጢት፣

ጤና ይስጥሽ፣ ዕድሜ ይስጥሽ፣ እናትሽ የወለደችሽ ቀን የተባረከ ይሁን።

አልከፈትኩትም፣ እውነት ነው። ጠዋት ጠረጴዛዬ ጋ ቆሜ ቦርሳዬን ሳላወርድ ስልኬን አየሁ። የፍራሹ፣ የአውቶቡስ ድርጅቱ፣ የጥርስ ሐኪሙ ቀጠሮ፣ መሃላቸው ላይ ደግሞ ያ መስመር። አራት ቃል። እዚያው ተቀመጥኩ። አለቃዬ ሁለት ጊዜ ስሜን ጠርቶ ሦስተኛው ላይ ውሃ አመጣልኝ።

የሙያችን ትልቁ ጥፋት ምን እንደሆነ ሳልነግርሽ ቀርቻለሁ፦ ሁሉን ነገር የሚናገር ርዕስ አይከፈትም። አንባቢው የሚፈልገውን በር ላይ ካገኘ ለምን ይገባል? እኔ አሥራ አምስት ዓመት የፈለግኩት ውስጡ አልነበረም። ጥግ ጠርቶ ይቅርታ ቢለኝ ምን ይጠቅመኝ ነበር? ሰው ፊት ያለውን ሰው ፊት እንዲመልሰው ነበር የፈለግኩት። ሃምሳ ስምንት ሰው ስልክ ላይ፣ ከላይ፣ በትልቅ ፊደል። ደረሰኝ። ከዚያ በኋላ ለመክፈት አምስት ቀን ፈራሁ፤ ውስጡ እንደገና ቧንቧ ካለ ብዬ።

ሥራ በዝቶብኝ ነው ያልኩሽም ውሸት ነው። የሱ ኢሜይል ሲመጣ ሳላየው ወደ ሌላ ቦታ እንዲሄድ አድርጌ ነበር። ያንቺን የሐምሌ ልመና ካነበብኩ በኋላ ነው ያን ያነሳሁት። በየወሩ ከታች የጻፈውን ዛሬ ሃያ አራቱንም ከፍቼ አየሁት። ሞኝ ሽማግሌ። ሞኝ ልጅም አለችው።

ለሱ ጽፌያለሁ። በስልክሽ ነው የሚመጣው። ርዕሱን ማየትሽ አይቀርም፣ ውስጡን ግን አትንኪ። ስጪውና ሂጂ።

አክስትሽ


ነሐሴ 8
ርዕስ፦ ደርሷል፣ ተከፍቷል፣ አልተመለሰም

ለውድ አክስቴ፣

ሰላምና ጤና ላንቺ፣ እኛ ሁላችን ደህና ነን፤ ይህን እናቴ ሳትነግረኝ ነው የጻፍኩት።

መልእክትሽ የመጣው እራት ቀርቦ ሳለ ነው። ርዕሱን አየሁት፦ «አባዬ፣ ቁጥር 25 መቼ ይወጣል?» ሃያ ፊደል አይሞላም። ባለሙያ ባለሙያ ነው። ስልኩን ሳህናቸው አጠገብ አስቀመጥኩና «የእርስዎ ነው» አልኩ። ርዕሱን አነበቡ። እጃቸውን ጠረጉ። ተነሥተው ኮታቸውን ከወንበሩ ላይ አንሥተው ለበሱ፣ ማጉያቸውን ያዙ፣ ግቢ ወጡ።

«ስጪውና ሂጂ» ስላልሽኝ ሄድኩ። መስኮት ድረስ ብቻ። ከበሩ መብራት ሥር ቆመው አውራ ጣታቸው ወደ ታች ይወርድና መልሶ ወደ ላይ ይወጣል። እራቱ ቀዘቀዘ። እናቴ «ጥሪያቸው» አለችኝ፤ «አንቺ ጥሪያቸው» አልኳት። ማንም አልጠራቸውም።

ሲገቡ ዓይናቸው ቀልቷል፣ ቁመናቸው ግን የሥራ ቁመና ነው።

«ሦስት ግድፈት አለው» አሉኝ።

ቀይ እስክሪብቶው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ነው።

«ሊያርሟት ነው?»

«ምኑን» አሉ፣ የማያውቁት ነገር የጠየቅኳቸው ይመስል። ተቀመጡና የቀዘቀዘውን እራት በሉ። ከዚያ ደብተሩን አምጪ አሉኝ። የአናጺው በር ተቃንቷል፣ ለቁጥር 25 ይሆናል።

ርዕሱን ግን እኔ አይደለሁም የማወጣው፤ «ለባለሙያዋ ይላክላት» ብለዋል። ስለዚህ እስከ ጳጉሜ 3 ድረስ ሁለት ርዕስ ላኪልን። አንዱን እንገድለዋለን።

መልስሽን ግን ወደ ትምህርት ቤት አድራሻዬ አድርጊው። ይህን የምጽፍልሽ ከቤተ መጻሕፍት ኮምፒውተር ነው። ስልኬ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ አባባ ኪስ ውስጥ ነው፤ ስጠይቃቸው «ቆይ፣ አንድ ጊዜ ደግሜ ልየው» ይላሉ።

ጦጢት